ከጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ

ይህ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ፣ ለወገኖቻችን ቅጽ ለሚያስሞሉ በጎ ፈቃደኞቻችን ስለ ቀድሞዋ የስኮትላንድ የጤና ሚኒስትር ስለ ጂን ፍሪማን ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልነበሩ ሰዎች ስለጠየቁኝ በጽሑፍ አስቀመጥኩት። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከሥራ ወጥታችሁ፣ ልጅ ለሰው አስይዛችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ከአንድ ቅጽ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲት እናት ጋር የአካል ጉዳት ድጎማ ቅጽ ላስሞላ ቁጭ አልኩ። ጉልበታቸውና ወገባቸው ከተጎዳ ቆይቷል። ቅጹ ወፍራም ነው። አንዱ ጥያቄ ስንት ሜትር መራመድ እንደሚችሉ ይጠይቃል። ተረጎምኩላቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ድሮ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ደርሼ እመለስ ነበር። አሁን እስከ በሩ ነው። እሱንም ግድግዳ ይዤ» አሉኝ።

እንግዲህ ከዚህ መልስ ውስጥ ሜትር ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። እስከ በሩ ስንት ሜትር ነው? ግድግዳውስ የት ላይ ይጻፋል?

ያን ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው፣ እንደ እሳቸው ያለ ሰው አጠገብ አንድ ቀን ተቀምጦ ያውቃል?

ዛሬ ስለ ጂን ፍሪማን ላወራችሁ የመጣሁት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችሁ በኮቪድ ጊዜ በቴሌቪዥን አይታችኋቸዋል። የስኮትላንድ የጤና ሚኒስትር ነበሩ። እኔን የሚስበኝ ግን እዚያ ወንበር ላይ ከመድረሳቸው በፊት የሄዱበት መንገድ ነው። መንግሥት ውስጥ የገቡት ከበጎ አድራጎት ሥራ ተነስተው ነው። እዚያ ያዩትን ይዘው ሲገቡ ምን እንደሠሩ፣ ያላዩት ነገር ሲገጥማቸው ደግሞ ምን እንደደረሰ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከትውልዳቸው ልነሳ። በ1953 በኤር ከተማ ተወለዱ። ከዚህ በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። መጀመሪያ የነርስነት ሥልጠና ጀምረው ነበር። ኋላ ዛሬ ግላስጎው ካሌዶኒያን ዩኒቨርሲቲ ወደምንለው ኮሌጅ ገቡ። የስኮትላንድ ተማሪዎችን ማኅበር መርተዋል። በዚያ ዘመን ኮሚኒስት ነበሩ።

በ1987 አፔክስ ስኮትላንድ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የድርጅቱ ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ የወንጀል ሪከርድ ያለባቸው ሰዎች ሥራ እንዲያገኙ መርዳት። መናገሩ ቀላል ነው። እስቲ ዘመኑን አስቡት። በዚያን ጊዜ ስኮትላንድ ውስጥ የከሰል ማዕድን ጉድጓዶች በየተራ ይዘጉ ነበር። የብረትና የመርከብ ሥራ እየተመናመነ ነበር። ምንም ጥፋት የሌለበት ሠራተኛ ቤቱ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ታዲያ ከእስር ቤት የወጣውን ማን ይቀጥራል?

ሕጉን ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1974 የወጣ ሕግ አለ። አንድ ሰው ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ዘመን ሌላ ጥፋት ሳያጠፋ ከቆየ፣ ለአብዛኛው ሥራ ያ ፍርድ እንዳልነበረ ይቆጠርለታል። ቀጣሪው ቢጠይቀው «የለብኝም» የማለት መብት አለው። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ የተፈረደበት ሰው ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። በ20 ዓመቱ ያጠፋው ጥፋት በ60 ዓመቱም ሥራ ሲጠይቅ አብሮት ይቀርባል። ስኮትላንድ ይህን ገደብ ወደ አራት ዓመት ያሳደገችው በ2019 ባወጣችው ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው በ2020 መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ፍሪማን ካቢኔ ውስጥ ነበሩ። አፔክስን ካቋቋሙ 33 ዓመት ሆኗቸው ነበር ማለት ነው።

ሪከርድ ይዞ ሥራ መፈለግ ምን እንደሚመስል በቅርብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቅጹ ላይ አንድ ሳጥን አለ። ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ይላል። ምልክት ካደረግህ ማመልከቻህን የሚያነብልህ የለም። ካላደረግህ ዋሽተሃል፣ ሲደረስብህ ትባረራለህ። ስለዚህ ብዙ ሰው ቅጹን አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከምክር በላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። መቼ ልናገር፣ በምን ቃል ልናገር፣ ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን እንዴት ላሳይ የሚለውን ከአንድ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መሥራት አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ የቀጣሪው በር መንኳኳት አለበት። ፍሪማን ይህን ድርጅት 12 ዓመት ያህል መሩት። 12 ዓመት ከጠረጴዛው ወዲህ፣ ከአመልካቹ ጎን መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እኛ ዘንድ በጎ ፈቃድ ሲባል ያለ ደሞዝ መሥራት ነው። እዚህ አገር የበጎ ፈቃድ ዘርፍ ሲሉ ሰፋ ያለ ነው። መንግሥትም ያልሆነ፣ ለትርፍም ያልቆመ ድርጅት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ደሞዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ይኖሩታል። በቦርዱ የሚቀመጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው። ይህን የምለው አንዳንዶቻችሁ ማታ ማታ የምትሠሩት ሥራ እንደ ሙያ እንደማይቆጠር ስለምታስቡ ነው። ይቆጠራል። ሲቪያችሁ ላይ ጻፉት።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ፍሪማን የስኮትላንድ የአመክሮ ቦርድ አባልም ሆነው ሠርተዋል። ማን ይፈታ፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስነው አካል ነው። ያ ሥራ ሰውን ከፋይሉ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል። ከዚያ ወደ መንግሥት ቀረቡ። የስኮትላንድ መንግሥት መሪ ለነበሩት ለሌበር ፓርቲው ጃክ መኮኔል ከ2001 እስከ 2005 ድረስ ከፍተኛ አማካሪ ነበሩ። ከዚያ ወጥተው የራሳቸውን የማማከር ሥራ ጀመሩ። የጎልደን ጁቢሊ ሆስፒታል ቦርድንም መሩ። ይህን ዘመን በፍጥነት አልፈዋለሁ። ከእኛ ጉዳይ ጋር ያለው ግንኙነት ጥቂት ነው።

በ2012 ግን እንደገና ወደ ታች ወረዱ። ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው «ሴቶች ለነጻነት» የሚባለውን እንቅስቃሴ መሠረቱ። ስኮትላንድ ከብሪታንያ ተለይታ ነጻ አገር ትሁን ስለሚለው የምታስቡት የየራሳችሁ ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። አሠራሩን ግን ተመልከቱ። ደሞዝ የለም። ቢሮ የለም ማለት ይቻላል። ሴቶች በየመንደሩ አዳራሽ፣ በየካፌው፣ በየሰው ቤት ይገናኛሉ። ሻይ ይፈላል፣ ይወራል። ፖለቲካ አይመለከተኝም ትል የነበረች ሴት ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች። መስከረም 18 ቀን 2014 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ። 84.6 በመቶ የሚሆነው መራጭ ወጣ። 55 በመቶው ነጻነትን አልደገፈም። እነ ፍሪማን ተሸነፉ።

ከሽንፈቱ በኋላ የሆነው ነገር ነው ደስ የሚለኝ። ሴቶቹ ወደየቤታቸው አልገቡም። በዚያን ጊዜ መንግሥት በኢንቨርክላይድ ትልቅ የሴቶች እስር ቤት ሊሠራ አቅዶ ነበር። ከ300 በላይ ሴቶችን የሚይዝ ነው። የስኮትላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኤሊሽ አንጆሊኒ የመሩት ኮሚሽን ግን በ2012 ባወጣው ሪፖርት ሌላ ነገር ነበር የመከረው። ብዙዎቹ ሴቶች ለአጭር ጊዜ የሚታሰሩ፣ በሱስና በጥቃት የተጎዱ ናቸው ብሏል። «ሴቶች ለነጻነት» ይህን ይዞ ተነሳ። በጥር 2015 መንግሥት ዕቅዱን ሰረዘው። ዛሬ ስተርሊንግ ውስጥ ያለው አዲሱ የሴቶች እስር ቤት ትንሽ ነው። ግላስጎውና ዳንዲ ውስጥም ሴቶቹ ለመውጣት የሚዘጋጁባቸው አነስተኛ ማቆያዎች አሉ። በ1987 ከእስር የወጣውን ሰው ሥራ ልፈልግልህ ብለው የጀመሩት ሰው፣ ከ28 ዓመት በኋላ እስር ቤቱ እንዳይሠራ ከተከራከሩት መካከል ነበሩ።

በግንቦት 2016 በስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ስም ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ። ያሸነፉት በትውልድ አካባቢያቸው ነው፤ ከሰል ያወጣ የነበረ፣ ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ ሥራ የጠፋበት አውራጃ። ገና አዲስ አባል ሳሉ የመንግሥቱ መሪ ኒኮላ ስተርጅን የማኅበራዊ ዋስትና ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው።

ምን ማለት ነው? እስከዚያ ድረስ ቤኔፊት፣ ማለትም መንግሥት ለችግረኛ የሚከፍለው ድጎማ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚመራው ከለንደን ነበር። በ2016 የወጣው ሕግ ግን 11 የቤኔፊት ዓይነቶችን ለስኮትላንድ አስተላለፈ። ለአካል ጉዳተኛ፣ ለአስታማሚ፣ ለወላድ የሚከፈሉት እዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ሕግ፣ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ቅጽ ከባዶ መሥራት ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለቴ አይመጣም።

ሥራው እንዴት ተጀመረ? ቤኔፊት የሚቀበሉ ሰዎች ራሳቸው ተጠሩ። መጥተው ንገሩን ተባሉ። ከ2,400 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። የትኛው ደብዳቤ እንደሚያስደነግጣቸው፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚያዋርዳቸው፣ ስልክ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁ ተናገሩ። መሥሪያ ቤቱ ገና ሳይቋቋም ደንበኞቹ ተጠየቁ። ይህ ከአፔክስ ጠረጴዛ የመጣ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ። ማረጋገጫ ልሰጣችሁ አልችልም፣ የእኔ ግምት ነው። 12 ዓመት ከአመልካቹ ጎን የተቀመጠ ሰው ግን ቅጽ ሲጽፍ ያ አመልካች ፊቱ ላይ ይመጣበታል።

ሕጉን ራሱን አንብቤዋለሁ። መጀመሪያው ላይ ማኅበራዊ ዋስትና ሰብዓዊ መብት ነው ይላል። የሰውን ክብር መጠበቅ የሥርዓቱ እምብርት ይሁን ይላል። እንዲህ ያለ ቃል በየመግለጫው እንሰማለን፤ ይህ ግን ሕግ ላይ የተጻፈ ነው። ደግሞ ቃል ብቻ አይደለም። የአካል ጉዳት ምርመራን ለትርፍ ለሚሠሩ ኩባንያዎች አንሰጥም ተባለ። አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው ጉዳዩን ለማስረዳት የሚያግዘው ገለልተኛ ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ መብት ተሰጠው። ሚኒስትሮች ደግሞ ሰዎች የሚገባቸውን ገንዘብ እንዲጠይቁ የማስተዋወቅ ግዴታ ተጣለባቸው። እስቲ አስቡት፦ መንግሥት መጥታችሁ ውሰዱ እንዲል በሕግ ተገደደ። ሚያዝያ 25 ቀን 2018 ፓርላማው ሕጉን በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። በነጻነት ጉዳይ እንደ ውኃና ዘይት የሆኑት ፓርቲዎች አንድ ላይ ድጋፋቸውን ሰጡ።

መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት መስከረም ሥራ ጀመረ። ዋና ቢሮው ዳንዲ ነው፣ ሌላው እዚሁ ግላስጎው ነው። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአማርኛና በትግርኛ አስተርጓሚ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ። ቤት ድረስ መጥተው ቅጽ የሚያስሞሉ ሠራተኞችም አሉት።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። የሜትሩ ጥያቄ አልቀረም። አዲሱ የአዋቂዎች የአካል ጉዳት ክፍያ በ2022 በመላው ስኮትላንድ ሲጀመር ፍሪማን ከመንግሥት ወጥተው ነበር። ሰው 20 ሜትር መራመድ ይችል እንደሆነ የሚመዝነው መስፈርት ከድሮው ሥርዓት ተሸጋግሮ መጣ። ሰዎች ለምን ሲሉ ነበር፣ አሁንም እያሉ ነው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ያቺ እናት ግድግዳውን የሚጽፉበት ቦታ ዛሬ አለ፤ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተሰጥቷል። ሜትሩ ግን እዚያው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ።

ሰኔ 2018 ላይ ፍሪማን የጤና ሚኒስትር ሆኑ። በሐምሌ 2019 የኤድንብራ አዲሱ የልጆች ሆስፒታል ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት አስቆሙት። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ የአየር ማስተላለፊያ መስፈርቱን አላሟላም ነበር። ሕዝብ ተቆጣ፣ ገንዘብ ባከነ። ሆስፒታሉ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2021 ነው። እኔ ግን ያን ውሳኔ አከብረዋለሁ። ሪባን ከመቁረጥ ይልቅ በሩን መዝጋት ለፖለቲከኛ ከባድ ነው።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። መጋቢት 1 ቀን 2020 በስኮትላንድ የመጀመሪያው ሰው መያዙ ተነገረ። ሆስፒታሎች ይሞላሉ ተብሎ ተፈራ። አልጋ ለማስለቀቅ ሲባል ሕክምናቸውን የጨረሱ አረጋውያን ወደ ኬር ሆም፣ ማለትም ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ተላኩ። ብዙዎቹ ሳይመረመሩ ነው የሄዱት። ኮቪድ ይዟቸው የነበሩት ከሆስፒታል ወደ ኬር ሆም ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ጊዜ ተመርምረው ነጻ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት የተባለው ሚያዝያ 21 ነው። በዚያች ጸደይ ኬር ሆሞች ውስጥ የሞተው ሰው ብዛት አገሩን አስለቀሰ። ከእናንተ ውስጥ ያኔ ኬር ሆም የምትሠሩ ነበራችሁ። እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ። ያለ ጭምብል ሌሊት ሠርታችሁ ጠዋት ልጃችሁን ለመሳም የፈራችሁ እናንተ ናችሁ።

ፍሪማን በ2021 ከፓርላማ ሊወጡ ሲሉ ለቢቢሲ በሰጡት ቃል ይህ ስህተት እንደነበር ተናገሩ። የአረጋውያን እንክብካቤው ዘርፍ እንዴት እንደሚሠራ መንግሥታቸው በቂ እውቀት አልነበረውም አሉ። በጥር 2024 ደግሞ ኤድንብራ ላይ በኮቪድ አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበው መሰከሩ። ይህ የሞቱትን አይመልስም። ቤተሰቦቹ አሁንም መልስ እየጠየቁ ነው፣ መጠየቃቸውም ልክ ነው።

እኔ ግን ያን ቃል ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ዘርፉን አላወቅነውም አሉ። እስር ቤቱን ያውቁ ነበር፣ ምክንያቱም ከእስር ከወጡት ጋር ተቀምጠዋል። ቤኔፊቱን አወቁት፣ ምክንያቱም 2,400 ሰዎችን ጠይቀዋል። ሆስፒታሉንም ያውቁ ነበር። ኬር ሆሙን ግን ማን ጠየቀ? ሌሊት ላይ አሮጊት የምታገላብጠዋን፣ አንድ ሰው ሳል ሲጀምር በአንድ ሳምንት ውስጥ ኮሪደሩ በሙሉ እንደሚያስል የምታውቀዋን ሴት፣ ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት ማን ስልክ ደወለላት? ያቺ ሴት ምናልባት ዛሬ እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ወጣቶች አንዳንዴ ስለ ፖለቲካ ትጠይቁኛላችሁ። እኛ ስደተኞች እዚህ ምን ቦታ አለን ትሉኛላችሁ። በ2020 የወጣው የስኮትላንድ የምርጫ ሕግ መኖሪያ ፈቃድ ያለውን የውጭ አገር ዜጋ፣ ስደተኛውንም ጨምሮ፣ ለስኮትላንድ ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤት እንዲመርጥ ፈቅዷል። የብሪታንያ ፓስፖርት አያስፈልግም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን አያውቁም፤ ያወቀው ላላወቀው ይንገር። የተመዘገባችሁ እጃችሁን አውጡ ብያችሁ ስድስት እጅ ነው ያየሁት። ላፕቶፑ በሩ አጠገብ አለ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ። ነርሲንግ ትማራለች። «ፖለቲካ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ፣ መጀመሪያ ፓርቲ ልቀላቀል ወይስ ድርጅት ላቋቁም?» አለችኝ። ሁለቱንም አትቸኩዪበት አልኳት። ለአንድ ዓመት ሰኞ ሰኞ እዚህ መጥተሽ ቅጽ አስሞዪ፣ የሚከነክንሽን ጥያቄ ሁሉ በደብተር ያዢ፣ ከዚያ እንነጋገራለን አልኳት። ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። ግን ስሟን ጻፈች።

ስለ ሰኞ ካነሳሁ አይቀር፦ በመጪው ሰኞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። ሁለቱ አማርኛ ይናገራሉ። ሦስተኛዋ ትግርኛ ብቻ ነው የሚናገሩት፣ እጃቸው ላይ ያለው ደብዳቤ ደግሞ ቀኑ ሊያልፍበት ነው። ትግርኛ የሚችል ሰው ካለ እባካችሁ እስከ እሁድ ይደውልልኝ።